አረንጓዴዋ ክብ

ካርታው የተሰቀለ ዕለት ዲትሎንግ ውስጥ እጁን ሥራ ያስነካ ሰው አልነበረም።

ሰኞ ማለዳ ከአውራጃው ከተማ የመጣ ነጭ ፒካፕ ክጎትላው ፊት ቆመ። ሁለት ጎረምሶች የተጠቀለለ ትልቅ ወረቀት አውርደው፣ የመንደሩ ሰው በሚመክርበትና በሚካሰስበት በዚያ አደባባይ ዳር፣ የጸሐፊው ቢሮ ግድግዳ ላይ ቸንክረውት ሄዱ። ከአናቱ በትልልቅ ፊደል «የዲትሎንግ መንደር ማዕከል አዲስ ፕላን» ይላል። ከግርጌው ደግሞ በትንንሹ፣ በመጪው ሳምንት ሐሙስ ስብሰባ እንዳለ፣ ቅሬታ ያለው ያን ቀን እንዲናገር፣ ከዚያ በኋላ ግን ፕላኑ ማኅተም ተመትቶበት ሥራው እንደሚጀመር ተጽፏል።

ሰው ሁሉ ወረቀቱ ፊት ተጋፋ። ሁሉም የሚያየው የሚፈልገውን ነበር። ወጣቶቹ የኳስ ሜዳው መብራት እንዳለው አዩ። የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን አዲስ አዳራሽ አዩ። የልማት ኮሚቴው ሊቀመንበርና የመጠጥ መደብሩ ባለቤት ኦቱኪሌ ደግሞ አሥራ አራት ሱቆች በአንድ መስመር ተደርድረው አየ፤ በሌባ ጣቱ እየቆጠረ፣ ሲጨርስ እንደገና ከአንድ እየጀመረ።

ጋሌቦኤ ግን የፈለገችው ቤቷን ነው።

ሰዉ ሳሳ እስኪል ጠብቃ ቀረበች። ካርታ ማንበብ ታውቃለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመንደሩ ትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ሆና ስትኖር፣ በየማለዳው የሰባተኛ ክፍልን የዓለም ካርታ ከአቧራ የምትጠርገው እሷ ነበረች። ማዳጋስካር ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ እጇ ይዘገይ ነበር፤ እንዲህ ተገንጥላ ለብቻዋ የቀረች አገር ሌሊት ሌሊት ምን ይሰማት ይሆን እያለች። ጡረታ ስትወጣ መምህራኑ ብርድ ልብስ ሸለሟት። እሷ ካርታውን ቢሰጧት ነበር ደስ የሚላት፤ ግን አፍ አውጥታ አልተናገረችም።

መጀመሪያ ወንዙን አገኘች፤ የሰማያዊ ክር ቁራጭ ይመስላል። ከወንዙ ወደ ላይ ስትወጣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ከዚያ ፖስታ ቤቱን፣ ከዚያ የኦቱኪሌን መጠጥ መደብር አገኘች። ከመደብሩ ወደ ግራ ታጥፋ ሁለት ጣቶቿን እንደ እግር እያራመደች መጣች። አሁን የቅንጭቡ አጥር ጋ ደረሰች። አሁን ወደ ግቢዋ ገባች። ጣቶቿ ያረፉት አንዲት አረንጓዴ ክብ ላይ ነበር።

ቤት የለም። አጥር የለም። ክቧ ብቻ። በዙሪያዋ ሰፊ ግራጫ ሜዳ፣ ውስጡ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ቀጫጭን መስመሮች፤ «የመኪና ማቆሚያ» ይላል።

ጋሌቦኤ ደነገጠች። ግን ከድንጋጤው ቀድሞ የመጣባት ሌላ ነገር ነው፤ ይህቺ ክብ ምንድን ናት? ለምን ክብ ሆነች? ለምን አረንጓዴ? ስብሰባው ላይ ቆማ «ቤቴ ጠፋ» ብትል፣ «በምን አወቅሽ?» ይሏታል። ክቧ ምን እንደሆነች ካላወቀች ደግሞ መልስ የላትም። ማኅተሙ ከተመታ በኋላ አባቷ የሠራው ቤት ቆሞ የሚገኘው በእሷ ሐሳብ ውስጥ ብቻ ይሆናል።

መጀመሪያ ኦቱኪሌን ጠየቀችው። እሱ እንደሆነ የማያውቀው ነገር የለም።

«ፏፏቴ ነዋ!» አላት፣ ቦርጩን በሁለት እጁ እያቀፈ። «ከመሬት ወደ ሰማይ የሚረጭ! ጋቦሮኔ አላየሽም? ቀይና ሰማያዊ መብራት ያበሩበታል።»

«ውሃው ከየት ይመጣል?»

«ከቧንቧ ነዋ፣ ማ ጋሌቦኤ!»

«የእኛ ቧንቧ የሚመጣው በሳምንት ሦስት ቀን ነው። የቀረውን አራት ቀን ምን ሊረጭ ነው? አቧራ?»

«አንቺ ሴትዮ ጥያቄ ስትወጂ! ልማት በእልልታ እንጂ በጥያቄ ይቀበሉታል እንዴ?»

«እሺ፣ እልል እላለሁ። ቤቴ የት ገባ?»

ኦቱኪሌ ወደ ካርታው ጠጋ ብሎ አየ። ያን ጥግ ሲያይ የመጀመሪያው እንደሆነ ከፊቱ ታወቀ። «ይኖራል እንጂ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ትንሽ ስለሆነ አልታየ ይሆናል።»

«የአንተ ሽንት ቤት እንኳ ታይቷል።»

ኦቱኪሌ በእርግጥም ሽንት ቤቱን ፈልጎ አገኘው። ትንሽ ኮራ አለ።

ከዚያ ወደ ማ ፔሎ ሄደች። ማ ፔሎ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ሊጥ በዘይት እየጠበሰች የምትሸጥ፣ ከልጅነት ጀምሮ ጓደኛዋ ናት። ጉልበቷን ስለሚያማት ከትልቁ የዘይት ጣሳ ወንበሯ አትነሳም፤ ወሬ ግን ሁሉ እሷ ያለችበት ድረስ ይመጣል።

«የሄሊኮፕተር ማረፊያ ነው» አለች ማ ፔሎ ሊጡን እያገላበጠች። «ሚኒስትሩ በኮሮኮንች መንገድ እንዳይንገላታ።»

«ጣሪያዬ ላይ ሊያርፍ?»

«ታዲያ ምን አለበት? ሻይ ታፈዪለታለሽ። ባል ካጣሽ ስንት ዓመትሽ! አሁን ከሰማይ ሲወርድልሽ ደግሞ ትመርጫለሽ?»

የክጎትላው ጸሐፊ በበኩሉ መኪኖች የሚዞሩባት አደባባይ ናት አላት፤ ፖሊሱ ደግሞ ቀለም ተንጠባጥቦ ይሆናል አለ። በሁለት ቀን ውስጥ ክቧ አራት ነገር ሆነች፤ አንዱም ግን ጋሌቦኤን አላጠገባትም።

ረቡዕ ጠዋት ከቀሚሷ ጠርዝ ክር መዝዛ ወደ ካርታው ተመለሰች። አንድ የምታውቀው ልክ አላት፤ የኳስ ሜዳው። ከግብ እስከ ግብ የእሷ እርምጃ መቶ ሃያ ነው፤ በበዓል ቀን ኖራ ሲያፈሱ ባልዲ እየያዘች ስንት ጊዜ ተመላልሳበታለች! ክሩን ካርታው ላይ ከግብ እስከ ግብ ዘርግታ በጥርሷ ቆረጠች። ከዚያ እያጠፈች ክቧ ላይ ሞከረችው። ለሁለት ቢታጠፍ ይረዝማል፤ ለአራትም ይተርፋል። ለአምስት ስታጥፈው ከክቧ ዳር እስከ ዳር ልክክ አለ።

ሃያ አራት እርምጃ።

ቤቷ ስትደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። በቅንጭቡ መካከል ባለችው ክፍተት ገብታ ቆመች። ግቢው መሀል ያ ትልቅ የሞሩላ ዛፍ አለ። ግንዱን ለማቀፍ ሁለት ሰው ተያይዞ አይበቃውም። ቅርንጫፎቹ ቤቷን፣ ያችን ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ከሣር ክዳኗ ጋር፣ እንደ ዶሮ ክንፍ ሸፍነዋት ነው የሚኖሩት። የካቲት ነውና ፍሬው በስሏል፤ በየደቂቃው አንዱ እየተበጠሰ ክዳኑ ላይ «ዱብ» ይላል፣ ከዚያ እየተንከባለለ ይወርዳል። ጋሌቦኤ እንግዳ ሲመጣ «ማነው?» ብላ የማትጠይቀው ለዚህ ነው፤ ግማሹን ጊዜ የሚያንኳኳው ዛፉ ነው።

የጥላው ምዕራብ ዳር ላይ ቆማ መቁጠር ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… በቤቷ ጎን አለፈች። በግንዱ አጠገብ አለፈች። እግሯ ከጥላው ወጥቶ ፀሐይ ሲያገኘው ሃያ አራት ላይ ነበረች።

እዚያው ቆመች። ከዚያ አንገቷን አቃንታ ወደ ላይ አየች። ቅጠል፣ ከቅጠል በላይ ቅጠል። ሰማይ የሚባል የለም። ከታች ሰማይ ካልታየ ከላይ ቤት አይታይም። ካርታውን የሠራው ሰው የቆመው ከላይ ነው።

ክቧ ዛፉ ናት። ዛፉ ካርታ ላይ ገብቷል፤ እሷ ግን አልገባችም።

ይህን ስታውቅ መጀመሪያ ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ግን ብርድ ብርድ አላት። ወደ ማ ፔሎ እየሮጠች ሄደች፤ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ መሆኑን ረስታ።

«ጥር ላይ፣ እኛ እርሻ በወረድን ጊዜ፣ እዚህ በሰማይ የሚሄድ ነገር አይተሽ ነበር?»

«አይቼ ነበር ወይ! ትልቅ ተርብ የሚመስል፣ አራት ክንፍ ያለው፣ ዝዝዝ ሲል የዋለ! ያን ቀን ዘይቴን ክዳን አልብሼ ነው የዋልኩት፣ እንዳይወድቅበት። ሁለት ልጆች መሬት ላይ ቆመው በመቆጣጠሪያ ያበሩት ነበር። አልነገርኩሽም?»

«አልነገርሽኝም።»

«አንቺ እርሻ ነበርሽዋ። ሰዉ ሁሉ እርሻ ነበር። ለማን ልንገር? ለፍየሎቹ?»

እውነቷን ነው። ዝናብ ሲጥል ዲትሎንግ ባዶውን ይቀራል፤ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ፣ ድስቱንና ዶሮውን ጭኖ ከአንድ ቀን መንገድ በላይ ወዳለው እርሻው ይወርዳል። ማሽላው ጉልበት እስኪደርስ መንደሩ የአሮጊቶችና የፍየሎች ነው። የተርቡ ባለቤቶች የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። ከቅንጭቡ ውጭ ቆመው አይተዋል፤ ጭስ የለም፣ ሰው የለም። ከላይ አይተዋል፤ ዛፍ ነው።

በማግስቱ ወደ ራ ሞኬቴ ሄደች። ራ ሞኬቴ ዘጠናን ተሻግረዋል ይባላል፤ እሳቸው ሲጠየቁ «ገና ነኝ» ነው የሚሉት። ጠዋት ከቤታቸው በስተ ምዕራብ ይቀመጣሉ፤ ፀሐይዋ በገፋች ቁጥር የላም ጠፍር የተጠላለፈባትን አጭር ወንበራቸውን እየጎተቱ ጥላውን ይከተላሉ፤ ሲመሽ በስተ ምሥራቅ ይገኛሉ። «ራ ሞኬቴ የት ናቸው?» ለሚል ሰው መልሱ «ስንት ሰዓት ነው?» ነው።

ሁሉንም ነገረቻቸው። ክሩን አሳየቻቸው። ክሩን ተቀብለው ለአምስት አጠፉት፣ ዘረጉት፣ መልሰው አጠፉት።

«ወረቀት አለሽ?» አሏት።

«ከየት አባቴ? ቦታው ለአባቴ የተሰጠው በቃል ነው።»

«አውቃለሁ። ያን ቀን ድንጋይ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። የሠፈሩ ሹም ከፊት ይሄዳል፣ አባትሽ ይከተላል፣ እኔ ከኋላ እያለከለክኩ እሱ ‹እዚህ› ባለበት ድንጋይ አስቀምጣለሁ። ወገቤ የተቀጨው ያን ጊዜ ነው፣ ልጄ። አባትሽ ይሄው እስከ ዛሬ አልከፈለኝም።»

«ታዲያ የሚመጣው ሐሙስ መጥተው ይናገሩልኛል?»

«ወንበሬን ከተሸከምሽልኝ።»

በሳምንቱ ሐሙስ ማለዳ ሰዉ እንደ ልማዱ ወንበሩን በራሱ ላይ፣ በብብቱ፣ በጋሪው ጭኖ ወደ ክጎትላው ጎረፈ። የሚታጠፍ አለ፣ የፕላስቲክ አለ፣ ከትምህርት ቤት የጠፋ የሚመስልም አለ። ክጎሲው፣ ማለት የመንደሩ ባላባት ክጎሲ ሌካንግ፣ ሲመጡ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ሰዉም ተነሥቶ «ፑላ!» እያለ ዝናብን ጠራ።

ከዋና ከተማ የመጣችው የፕላን ባለሙያ ቦጎሎ የምትባል ቀጭን ወጣት ናት። መነጽር አላት፣ የወረቀት ጥቅል አላት፣ እርሳስ ጆሮዋ ላይ ሰክታለች። ወንበር ግን የላትም።

«ልጅቷ ያለ ወንበር ነው እንዴ ክጎትላ የመጣችው?» አሉ ራ ሞኬቴ ጮክ ብለው። «ቆማ ልትሄድ ነው የመጣችው።»

ሰዉ ሳቀ። ቦጎሎ ቀላች። ማ ፔሎ በጋሪ ካመጣቻቸው ሁለት የዘይት ጣሳዎች አንዱን ገፋችላት። «ተቀመጪ፣ የእኔ ልጅ። ንጹሕ ነው፤ ቢበዛ የሊጥ ሽታ ነው የሚይዝሽ።»

ቦጎሎ ፕላኑን በሚገባ አስረዳች። አነጋገሯ ጥሩ ነው፣ ትዕቢት የለባትም። ሱቆቹን አሳየች፣ አዳራሹን አሳየች፣ ከዝናብ የሚያስጠልል የአውቶቡስ ማቆሚያ ስታሳይ ማ ፔሎ ሳትቀር አጨበጨበች። ከዚያ ክጎሲው «የሚናገር ይናገር» አሉ።

ጋሌቦኤ ተነሣች። ነጠላ ሻሏን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። ብዙ ነገር ልትል አስባ ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን አንድ ጥያቄ ነው።

«ያቺ አረንጓዴ ክብ ምንድን ናት?»

«ዛፍ ናት፣ እማማ» አለች ቦጎሎ ፈገግ ብላ። «በደንቡ መሠረት ግንዱ ይህን ያህል የወፈረ አገር በቀል ዛፍ አይቆረጥም። ቅርንጫፎቹ እስከደረሱበት ድረስ፣ ማለት በክቧ ውስጥ፣ አይቆፈርም፣ አይፈርስም፣ አይነጠፍም። የመኪና ማቆሚያው ዙሪያውን ይሠራል።»

ጋሌቦኤ ወደ ኦቱኪሌ ዞር አለች። ኦቱኪሌ ጫማውን ያይ ነበር።

«ከዛፉ ሥር ምን አለ?» አለች እንደገና።

ቦጎሎ ወረቀቷን ገለጥ አደረገች። «ምንም። ሣር ነው። አጠገቡ አንድ የፈረሰ የከብት በረት አለ፤ እሱ ይነሣል።»

ክጎትላው በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ ያሉት ሰዎች ምን እንደተባለ እየጠየቁ፣ ሲነገራቸው እነሱም በተራቸው ይስቃሉ። ጋሌቦኤ ሳቁ እስኪያልቅ ቆመች።

«ሣሩ ውስጥ የማድረው እኔ ነኝ፣ ልጄ» አለች። «በረት ያልሽው ደግሞ ማድ ቤቴ ነው።»

«ምግቧን የቀመሰ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው!» ብላ ማ ፔሎ ጮኸች።

ቦጎሎ አልሳቀችም። እርሳሷን ከጆሮዋ አውርዳ ያዘችው። «ሰው… ይኖርበታል?» አለች።

ኦቱኪሌ ተነሣ። ክፉ ሰው አይደለም ኦቱኪሌ፤ ሱቆቹን ግን በሕልሙ ሁሉ ይቆጥራቸዋል። «ክጎሲ፣ ወገኖቼ» አለ። «ማ ጋሌቦኤ እህታችን ናት። ግን እንነጋገር ከተባለ ወረቀት የላትም። ከወንዙ ማዶ አዲስ ቦታ ይሰጣታል፣ ካሣ ይከፈላታል፣ ቆርቆሮ ቤት ይሠራላታል። ዛፉም ደስ ብሎት ይኖራል፣ መኪናውም ይቆማል። ያለ መኪና ማቆሚያ ሱቅ ምን ይሠራል?»

ራ ሞኬቴ ሳይነሡ እጃቸውን አወጡ። ድንጋዮቹን ተናገሩ፤ ወገባቸውንም ተናገሩ። የሠፈሩ ሹም በየት በኩል እንደዞረ፣ ያን ቀን ምን ዓይነት ዝናብ እንደነበር፣ የጋሌቦኤ አባት በደስታ ምን ያህል ንፍጡን እንደተናፈጠ ሁሉ ተናገሩ። ክጎሲ ሌካንግ ሁሉንም ሰሙ።

«ወረቀት ከመምጣቱ በፊት እዚህ አገር ሰው ነበረ» አሉ በመጨረሻ። «እንሂድና እንየው።»

ሰዉ ወንበሩን አነሣ። መንደሩ በሙሉ ወንበር ተሸክሞ ከክጎትላው ወደ ጋሌቦኤ ግቢ ሲሄድ ከላይ ለሚያይ ተርብ ምን ይመስል ይሆን? ጋሌቦኤ የራ ሞኬቴን ወንበር በራሷ ላይ አድርጋ ስትሄድ የምታስበው ይህን ነበር። ቦጎሎ ከኋላዋ ጣሳዋን አቅፋ ትከተላለች።

ጊዜው አራት ሰዓት አልፏል። ጥላው ከግንዱ በስተ ምዕራብ ተኝቷል፤ ሰዉም እዚያ ወንበሩን ዘረጋ። ቦጎሎ ከቅርንጫፉ ሥር ጎንበስ ብላ ገባች፤ ቤቱን አየች፣ በሩን አየች፣ መስኮቱ ላይ ያለችውን የአበባ ቆርቆሮ አየች። አንድ ሞሩላ ክዳኑ ላይ «ዱብ» ሲል ደነገጠች።

«ይቅርታ፣ እማማ» አለች። «ጥፋቱ የእኔ ነው። መጥቼ ማየት ነበረብኝ።»

«ብትመጪም አታገኚኝም ነበር። እርሻ ነበርኩ።»

ቦጎሎ ሜትሯን ዘርግታ ለካች። ቤቱ በሙሉ በክቧ ውስጥ ነው፤ እንዲያውም ተርፎ። ሰዉ እፎይ አለ። ማድ ቤቱ ጋ ስትደርስ ግን ፊቷ ጠቆረ። ማድ ቤቱ ከግንዱ በስተ ምሥራቅ ከቅርንጫፎቹ ጫፍ ስምንት እርምጃ ወጥቶ የቆመ፣ በእንጨትና በሸምበቆ የታጠረ፣ ጣሪያ የሌለው ክብ አጥር ነው።

«በክቧ ውስጥ ያለውን ደንቡ ይጠብቀዋል» አለች ቀስ ብላ። «ከክቧ የወጣውን ግን ማስቀረት አልችልም። ማድ ቤቱን ወደ ውስጥ፣ ከዛፉ ሥር ቢያስገቡትስ?»

«እሳት? ከሣር ክዳኔና ከቅርንጫፉ ሥር?» አለች ጋሌቦኤ። «አባቴ አርቆ የሠራው ለዚህ ነው። ዛፉን ለማዳን ዛፉን ላቃጥል?»

«እሳት የማይነድበት ግቢ ደግሞ ባዶ ግቢ ነው» አሉ ክጎሲው። «ልማዳችን ነው። ጭስ የሌለበትን ቦታ ማንም ሰው ጠይቆ ይወስደዋል። እናንተም ጥር ላይ ባዶ ነው ያላችሁት ጭስ ስላጣችሁ ነው።»

ነገሩ እዚያ ላይ ታሰረ። ቤቷ ያለ እሳት ቤት አይባልም፤ እሳቷ ደግሞ ከክቧ ውጭ ነው። ኦቱኪሌ መኪኖቹን ተናገረ። አንዱ ካሣውን ተናገረ። አንዷ ዘማሪ የአዳራሹን ነገር አነሣች። ክርክሩ ወዲያ ወዲህ ሲል ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች፣ ከዚያ አዘነበለች። ጋሌቦኤ የዝንጅብል መጠጥ በጆግ ይዛ ዞረች። ሰዉ እየተናገረ፣ እየሳቀ፣ እየተቆጣ ወንበሩን ከፍ እያደረገ ጠጋ ጠጋ ይላል፤ ይህን ማንም ልብ አይለውም፤ ከእናቱ ጡት ጋር የለመደው ነው። ቦጎሎም የምትናገረውን ሳታቋርጥ ጣሳዋን እያነሣች ከሰዉ ጋር ትጠጋለች።

ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ራ ሞኬቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ያ ተርብ ፎቶውን ያነሣው በስንት ሰዓት ነው?»

«በስድስት ሰዓት ነው፣ አባባ። እኩለ ቀን ላይ። ጥላ እንዳያሳስተን።»

«ጥላ እንዳያሳስታችሁ!» አሉ ራ ሞኬቴ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «እስቲ ወደዚያ፣ ወደ ምዕራብ በኩል እዪልኝ። አቧራው ላይ ምን ይታይሻል?»

ሁሉም ዞሮ አየ። ግንዱን አልፎ በስተ ምዕራብ፣ ጠዋት የተቀመጡበት ቦታ፣ አሁን ፀሐይ የሚጠብሰው ባዶ አቧራ ሆኗል። እዚያ ላይ የዘይት ጣሳ ታች ያተመው ክብ ምልክት አለ። ከእሱ ወዲህ ሌላ ክብ። ከእሱ ወዲህ ሌላ። አራተኛው ከግንዱ ወዲህ ነው፣ አምስተኛው ላይ ቦጎሎ ተቀምጣለች።

«የማን ናቸው?» አሉ ሽማግሌው።

ቦጎሎ ወደ ታች፣ ወደ ተቀመጠችበት ጣሳ አየች። ከዚያ ወደ ክቦቹ። ከዚያ ልክ እንደ ልጅ አፏን በእጇ ያዘች።

«የእኔ ናቸው።»

«ማን ተነሺ አለሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ የዛፉ ክብ የትኛው ነው? ወረቀትሽ ላይ ያለው የአንድ ሰዓት ነው። ዛፍን በስድስት ሰዓት ብቻ የሚያውቅ ሰው ዛፍ አያውቅም። እኛ ቀኑን ሙሉ ነው የምናውቀው። ጥላው የረገጠው ሁሉ የዛፉ ግቢ ነው።»

«ክጎሲ! እንዲህማ ከሆነ በአሥራ ሁለት ሰዓት ጥላው የእኔ መደብር ይገባል!» ብሎ ኦቱኪሌ ዘሎ ተነሣ።

«ግባልን እንላለን!» አለ አንድ ጎረምሳ ከኋላ። «ያለ ዱቤ የሚገባ እሱ ብቻ ነው!»

ክጎሲ ሌካንግ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ። ከዚያ በትራቸውን ወደ ማድ ቤቱ ቀሰሩ። ከጥላው ጫፍ እስከ ሸምበቆው አጥር ሦስት እርምጃ ያህል ፀሐይ ቀርቶ ነበር።

«ክጎትላ የሚበተነው በዘጠኝ ሰዓት ነው» አሉ። «የእኛ ቀን እዚያ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጥላ የራሱ ጉዳይ። በዘጠኝ ሰዓት ጥላው እሳቷ ጋ ከደረሰ፣ እሳቷ የዛፉ ነው፤ ክቧ እስከዚያ ትሳላለች። ካልደረሰ፣ ማ ጋሌቦኤ፣ ከወንዙ ማዶ ቦታ እመርጥልሻለሁ። ልጄ፣ በዚህ ትስማሚያለሽ? ወደ ከተማ የሚያስቸኩልሽ ነገር ካለ ሂጂ።»

ቦጎሎ ሰዓቷን አየች። «ደንቡ ‹የዛፉ ክልል› ነው የሚለው» አለች ለራሷ እንደምታወራ። «በስንት ሰዓት እንደሚለካ አይልም።» ከዚያ ቀና አለች። «እቆያለሁ። እኔም ማየት እፈልጋለሁ።»

ጠበቁ። ይህን ያህል ሕዝብ አንድ መስመር ጥላ ላይ ዓይኑን ሲተክል ጋሌቦኤ በሕይወቷ አላየችም። እሷ ራሷ ወንበሯን ማድ ቤቷ በር ላይ፣ ፀሐይዋ ውስጥ አድርጋ ተቀመጠች። የቤቷ መኖርና አለመኖር የሚወሰንበት ነገር ነው፤ መፍራት ነበረባት፣ ፈርታለችም። ግን ደግሞ ይህን ሁሉ ዓመት እዚህ ስትቀቅል ጥላው በስንት ሰዓት እንደሚደርስባት አንድ ቀን እንኳ ልብ አለማለቷ ይገርማት ጀመር። ጥላ ሲሄድ አይታይም። አሁን ትኩር ብላ ስታየው ግን የቅጠሎቹ ቅርጽ አንድ በአንድ ጠጠሩ ላይ እየወጣ፣ እንደ ውሃ ጠርዝ እየተንቀጠቀጠ ሲመጣ አየችው። አንዲት ጉንዳን ከፊቱ ትሸሻለች። ሁለት እርምጃ ቀረ። አንድ ተኩል።

«ስንት ሰዓት ነው?» አለ ኦቱኪሌ።

«ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ» አለች ቦጎሎ።

«ሰዓትሽ አይቀድምም?»

«አንተ ሰውዬ ጥያቄ ስትወድ!» አለች ጋሌቦኤ።

ጥላው የጫማዋን ጫፍ ነካ። ቅዝቃዜው በጫማዋ ውስጥ ሳይቀር ተሰማት፣ ወይም የተሰማት መሰላት። ቁርጭምጭሚቷ ላይ ወጣ። ቀሚሷ ላይ ወጣ። ከኋላዋ የሸምበቆው አጥር ላይ የመጀመሪያዋ ቅጠል ተሳለች፤ ከዚያም በበሩ ገብታ የምድጃው ጉልቻ ላይ ጉብ አለች።

«ሰዓት?» አሉ ክጎሲው።

«ለዘጠኝ አራት ደቂቃ ጉዳይ።»

«ፑላ!» አለ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ። ማ ፔሎ ጉልበቷን ረስታ ከጣሳዋ ተነሣች።

ቦጎሎ በባለ ቀለም እርሳስ የተሠራውን የካርታውን ረቂቅ ከጥቅሏ አውጥታ መሬት ላይ ዘረጋችና ተንበረከከች። አረንጓዴዋን ክብ በላጲስ አጠፋችና በስተ ምሥራቅ ጎተት አድርጋ እንደገና ሳለቻት። ክብ መሆኗ ቀረ፤ እንቁላል መሰለች። ግራጫው ውስጥ ያሉትን መስመሮች ቆጠረች።

«የአሥራ አንድ መኪና ቦታ ይጎድላል» አለች።

«አሥራ አንድ መኪና!» ብሎ ኦቱኪሌ ራሱን ያዘ።

«እስቲ ዲትሎንግ ውስጥ አሥራ አንድ መኪና ቁጠርልን» አለች ማ ፔሎ።

ኦቱኪሌ በጣቶቹ ጀመረ። የራሱን፣ የቄሱን፣ የነርሷን፣ የፖሊሱን… ሰባት ላይ ደርሶ ቆመ።

«ሰባተኛው ጎማ የለውም» አለ አንዱ።

ጋሌቦኤ ከቦጎሎ ጎን ተንበርክካ ካርታውን ታይ ነበር። እንቁላሏ ባዶ ናት። «እኔስ?» አለች።

ቦጎሎ እርሳሱን ሰጠቻት። ጋሌቦኤ ክሯን ከኪሷ አውጥታ ለካች፤ ከዚያ ምላሷን በጥርሷ ነክሳ፣ በእንቁላሏ መሀል አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን ሳለች። ከምሥራቅ በኩል ትንሽዬ ነጥብ አደረገች፤ እሳቷ ናት። እርሳሱን ልትመልስ ብላ ተወችውና፣ አራት ማዕዘኗ ላይ በጣም አጭር መስመር ጨመረች።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው፣ እማማ?»

«በሩ ነዋ።»

«ካርታ ላይ በር አይሳልም እኮ።»

«ታዲያ በየት በኩል እንደሚገባ በምን ይታወቃል?»

ቦጎሎ ላጲሱን አንሥታ ነበር። በሩን አየች፤ ከዚያ ላጲሱን ኪሷ ውስጥ ከተተችው።